የሚወጋ «ግሮውዝ ፋክተር» ከደም ወደ አንጎል ይገባል ወይ? ፓርኪንሰን ላለበት አባታችን ነው የምጠይቀው

የደሴ_ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አባታችን 71 ዓመቱ ነው፤ ፓርኪንሰን አለበት ከተባለ ሰንብቷል። ሊቮዶፓ ከካርቢዶፓ ጋር በቀን ሦስት ጊዜ ይወስዳል። መድኃኒቱ ሲይዝለት ደህና አድርጎ ይራመዳል። ሲለቀው ግን እግሩ ከመሬት አልነሳ ይለዋል፤ በተለይ በር ላይ ሲደርስ ቆሞ ይቀራል።

ዱባይ ያለው ታላቅ ወንድሜ እዚያ አንድ ክሊኒክ የአንጎል ማደሻ መርፌ ይሰጣል ብሎ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ቢዲኤንኤፍ፣ ኤንጂኤፍ እና አይጂኤፍ-1 የሚባሉ ግሮውዝ ፋክተሮች ናቸው፤ ክንድ ላይ ይወጋሉ ወይም በግሉኮስ ይሰጣሉ። «የተጎዱ የነርቭ ሴሎችን መልሶ ያሳድጋል» ይላል። ከመርፌው በፊት ደም ተወስዶ ቢዲኤንኤፍ ይለካል፤ ዝቅ ካለ «አንጎልዎ ተርቧል» ይባላል። ዋጋው መኪናችንን የሚያሸጥ ነው፣ ወንድሜም ለመሸጥ ቆርጧል።

እኔ አካውንታንት ነኝ፤ ሕክምና አላውቅም። ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ክንድ ላይ የተወጋ ነገር እንዴት ብሎ ነው አንጎል ውስጥ የሚገባው? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ በሚገባኝ ቋንቋ አስረዱኝ።

ባዮኬም_ኡፕሳላ

ሰላም እህቴ፣ አባታችንን እግዚአብሔር ይማርልን። ሥራዬ ፕሮቲን ላይ ነው፤ የነርቭ ሐኪም ስላልሆንኩ ስለ ሕክምናው አልናገርም። የጠየቅሽው ግን ትክክለኛውን ጥያቄ ነው፤ ነገሩ ሁሉ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

በሌላው የሰውነታችን ክፍል፣ ለምሳሌ ጡንቻ ውስጥ፣ የቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ግድግዳ በሠሩት ሴሎች መካከል ጠባብ ክፍተት አለ፤ ከደም ውስጥ ብዙ ነገር በዚያ ያልፋል። አንጎል ውስጥ ግን ሴሎቹ ጎን ለጎን ተጣብቀዋል። ክላውዲን-5 እና ኦክሉዲን የሚባሉ ፕሮቲኖች ስፌቱን አጥብቀው ይይዙታል። ሐኪሞች ብለድ ብሬን ባሪየር የሚሉት ይህንን ነው፤ እኔ የደም-አንጎል አጥር እለዋለሁ። በ1967 ሪስ እና ካርኖቭስኪ 40,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) ገደማ የሚመዝን አንድ ኢንዛይም አይጥ ደም ውስጥ ጨምረው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። ኢንዛይሙ በሁለቱ ሴሎች መካከል ትንሽ ገባና ስፌቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ወዲያ አንድም አልታየም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ግሮውዝ ፋክተር ሴል የሚያሳድግ ፕሮቲን ነው፤ ከእነሱ አንዱ የሆነው ቢዲኤንኤፍ 27,000 ዳልተን ገደማ ነው። በአጥሩ ውስጥ ራሳቸውን ችለው ሰርገው የሚገቡት ስብ ውስጥ የሚሟሙና ከ400 እስከ 500 ዳልተን የማይበልጡ ናቸው። በዚያ ላይ ቢዲኤንኤፍ ፖዘቲቭ ቻርጁ ከፍተኛ ስለሆነ ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ ይጣበቃል፤ ደም ውስጥ ከገባም በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ክንድ ላይ የተወጋው በአብዛኛው ጉበትና ሌሎች አካላት ላይ ቀርቶ እዚያው ይፈርሳል።

መጠን ብቻውን ግን አይደለም የሚወስነው። በፓርኪንሰን አንጎል ውስጥ የሚያንሰው ዶፓሚን 153 ዳልተን ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ አያልፍም። አባትሽ ዶፓሚን ራሱን የማይወስደው ለዚህ ነው። ሊቮዶፓ በ197 ዳልተን ከዶፓሚን ይከብዳል፤ ግን ይገባል፣ ምክንያቱም አጥሩ ላይ አሚኖ አሲድ የሚያስገባ በር አለ።

ፋርማሲ_ሳሪስ

ባዮኬም ያነሳት የሊቮዶፓ ነገር ለአባትሽ ዛሬውኑ ትጠቅማለችና ልጨምርበት። ያ በር ከምግብ ፕሮቲን የሚመጡትን አሚኖ አሲዶችም የሚያስገባው ራሱ ነው። ስለዚህ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወይም ደህና የሽሮ ምሳ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ሲወሰድ፣ አንጀት ላይም አንጎል በር ላይም ይሻማሉ። ሰውየው መድኃኒቱን በሰዓቱ ውጦ «ዛሬ አልያዘኝም» የሚለው አንዳንዴ ከዚህ የተነሳ ነው። ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ወይም አንድ ሰዓት ቆይቶ መውሰድ ይሻላል። ፕሮቲን ከናካቴው ይተው ማለት ግን አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ ክብደትና ጡንቻ ያስፈልጉታል። ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት።

ሯጭ_ሱሉልታ

ይቅርታ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሩጫ ግሮውዝ ፋክተር ይጨምራል፣ እሱ ወደ አንጎል ሄዶ አዲስ ሴል ያበቅላል ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። አሠልጣኛችንም ይህንኑ ነው የሚለን። ፕሮቲን ከደም ወደ አንጎል አይገባም ካላችሁ ያ ሁሉ ውሸት ነው?

ባዮኬም_ኡፕሳላ

ውሸት አይደለም ወንድሜ፤ ጥሩ ቦታ ላይ ነው የያዝከኝ። «ፕሮቲን አይገባም» ሳይሆን «ፕሮቲን ሰርጎ አይገባም» ነው ነገሩ። አንዳንዶቹ ተወስደው ይገባሉ።

ኢንሱሊንን ውሰድ። 5,808 ዳልተን ነው፤ በራሱ ማለፍ አይችልም፤ ግን አንጎል ውስጥ ከጣፊያ (ፓንክሪያስ) የመጣ ኢንሱሊን ይገኛል። አይጂኤፍ-1 ደግሞ የኢንሱሊን ዘመድ ነው፤ 70 አሚኖ አሲድ፣ 7,649 ዳልተን። አብዛኛውን የሚሠራው ጉበት ነው። ሁለቱም የሚያልፉት ሪሴፕተር በሚባሉ ተቀባዮች ነው። አንዱን ሞለኪውል ብቻ እንከተለው። በደም በኩል የሴሉ ቆዳ ላይ ያለው ሪሴፕተር ላይ ይቀመጣል። ቆዳው እዚያ ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፣ ይዘጋል፣ ትንሽ ከረጢት ይሆናል። ከረጢቷ በሴሉ ውስጥ አልፋ በአንጎል በኩል ያለው ቆዳ ላይ ትደርሳለች፤ እዚያ ተከፍታ የያዘችውን ታወርዳለች። ርቀቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ይህ ትራንስሳይቶሲስ ይባላል።

የሩጫው ነገር የመጣው ከማድሪድ የቶሬስ አለማን ቡድን ነው። በ2000 እና በ2001 ባወጡት ሥራ፣ የሚሮጡ አይጦች አንጎል ከደም የሚወስደው አይጂኤፍ-1 እንደሚጨምር አሳዩ። ከዚያ የደሙን አይጂኤፍ-1 በአንቲቦዲ (አንድን ነገር መርጦ በሚይዝ ፕሮቲን) ያዙትና አይጦቹን አስሮጡ። ሩጫው እንዳለ ነው፤ ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል የማስታወሻ ክፍል ውስጥ የሚጠበቁት አዳዲስ ሴሎች ግን አልጨመሩም። ለእኔ ይህ ሙከራ በጣም የሚያምር ነው፤ ምክንያቱም ነገሩ ከደም መምጣቱን በግልጽ ያሳያል።

በ2010 ደግሞ ይበልጥ የሚደንቅ ነገር አገኙ። የአይጥን የአፍንጫ ጢም ሲነኩ፣ ጢሙን የሚያዳምጠው የአንጎል ክፍል ብቻ ከደም ብዙ አይጂኤፍ-1 ወሰደ። አይጂኤፍ-1 ደም ውስጥ ብቻውን አይዞርም፤ አብዛኛው አይጂኤፍቢፒ-3 ከሚባል ፕሮቲን ጋር ታስሮ ነው የሚዞረው። አንድ የአንጎል ሰፈር ሥራ ሲበዛበት የደም ሥሩ ይሰፋል፤ ኤምኤምፒ-9 የሚባል ኢንዛይም ያንን ማሰሪያ ይቆርጣል፤ የተፈታው አይጂኤፍ-1 ኤልአርፒ-1 በተባለ ሪሴፕተር ተይዞ ይገባል። ማለትም አንጎል በሠራበት ቦታ፣ በሠራ ጊዜ፣ ራሱ ይጎትታል።

ስለዚህ አሠልጣኝህ ከእውነት ብዙም አልራቀም። ግን ሩጫ ደምህን በአይጂኤፍ-1 ሞልቶ ሳይሆን፣ አወሳሰዱን ነው የሚቀይረው። መርፌ ደሙን መሙላት ይችላል፤ የሪሴፕተሩ ብዛት ግን ውስን ነው። ሁሉም ከተያዙ በኋላ ደም ውስጥ ብትጨምር ብትጨምር ወደ አንጎል የሚገባው በዚያ ልክ አይጨምርም። የተረፈው ሌላው ሰውነት ላይ ይሠራል፤ አይጂኤፍ-1 ደግሞ ስኳር ዝቅ ያደርጋል። ለ71 ዓመት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የደሴ_ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሁለቴ አነበብኩት፣ አሁን ገባኝ። የደም ምርመራውስ? ወንድሜ በጣም የተማመነው በእሱ ነው። «ቁጥር አይዋሽም» ይለኛል።

ላብ_ቴክ_ሐዋሳ

ይህ የእኔ ክፍል ነው። ደም ውስጥ ያለው ቢዲኤንኤፍ በአብዛኛው የሚቀመጠው ፕላትሌት ውስጥ ነው፤ ደም የሚያረጉት ትንንሾቹ ማለት ነው። ናሙናው ቱቦ ውስጥ ሲረጋ ፕላትሌቶቹ ይፈነዱና የያዙትን ያፈሳሉ። ስለዚህ ከረጋ ደም የተወሰደ ሴረም እና እንዳይረጋ ተደርጎ የተወሰደ ፕላዝማ ከአንድ ሰው፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ክንድ ተወስደው እንኳ ቁጥራቸው እጅግ ይራራቃል፤ የሴረሙ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቱቦው ሴንትሪፊዩጅ ከመግባቱ በፊት ጠረጴዛ ላይ የቆየበት ጊዜም ቁጥሩን ይቀይረዋል። የፕላትሌት ብዛትም እንዲሁ።

እኔ ቱቦ ሳዘጋጅ የምውል ሰው ነኝ። በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ አንድ ሽማግሌ «አንጎልዎ ተርቧል» መባሉ ያሳዝነኛል። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ፕላትሌቱና ስለ ናሙናው አያያዝ ነው። ወንድምሽ ቢያንስ አንድ ነገር ይጠይቅ፦ የተለካው ሴረም ነው ወይስ ፕላዝማ? ምን ያህል ደቂቃ ቆይቶ ተለየ? መልስ ከሌላቸው ቁጥሩን ይተወው።

የልደታዋ_እናት

ልጆቼ፣ እኔ ሳይንሱን አላውቅም። ግን የታመመ ሰው ያለ ተስፋ አይኖርም። የእህቴ ባል እንዲህ ያለ መርፌ ተወግቶ በሳምንቱ ራሱ ጫማውን አስሯል። በዓይኔ ነው ያየሁት። እናንተ «አይገባም» ስትሉ የሰው ልብ ትሰብራላችሁ።

ሬዚደንት_ጥቁር_አንበሳ_ሰፈር

እናቴ፣ ያዩትን አይተዋል፤ አልጠራጠርም። ፓርኪንሰን ላይ ግን አንድ ነገር በደንብ ተጠንቷል። በ2001 ካናዳ ውስጥ የተሠራ ጥናት፣ ምንም መድኃኒት የሌለበት መርፌ «መድኃኒት ሊሆን ይችላል» ተብሎ የተወጉ የፓርኪንሰን ሕሙማን አንጎላቸው በእውነት ዶፓሚን እንደለቀቀ በፔት ስካን አሳይቷል። ተስፋ ራሱ በዚህ በሽታ ላይ ይሠራል። የእህትዎ ባል ጫማውን ማሰሩ እውነት ነው፤ ያሰረለት መርፌው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው ለማለት ግን ያ አይበቃም። ደግሞ ያ መሻሻል ይዞ አይቆይም፤ ቤተሰቡ መኪናውን ከሸጠ በኋላ ይለቃል።

እነዚህ ፕሮቲኖች በክሊኒክ ሳይሆን በትልልቅ ጥናት ተሞክረዋል። ቢዲኤንኤፍ ኤኤልኤስ የሚባል የነርቭ በሽታ ላለባቸው 1,135 ሰዎች ከቆዳ ሥር ተወግቶ ውጤቱ በ1999 ታተመ፤ በአጠቃላይ ልዩነት አላመጣም። ለዚህ ብዙ ምክንያት ተሰጥቷል፤ ከሁሉ ጎልቶ የሚነሳው ግን መድረስ ያለበት ቦታ አለመድረሱ ነው።

ጂዲኤንኤፍ የሚባለው ሌላ ግሮውዝ ፋክተር ደግሞ በፓርኪንሰን የሚሞቱትን የዶፓሚን ሴሎች የላብራቶሪ ሳህን ላይ ሲያድን ታይቶ በ1993 ዓለም ሁሉ የተደሰተበት ነው። ከደም ወደ አንጎል እንደማይገባ ስለታወቀ ተመራማሪዎቹ በክንድ ለመስጠት አልሞከሩም። ብሪስቶል እንግሊዝ ውስጥ የራስ ቅል ተበስቶ አራት ቀጫጭን ቱቦዎች እንቅስቃሴን ከሚመሩት የአንጎል ክፍሎች አንዱ እስከሆነው ፑታሜን ድረስ ገቡ፤ ማገናኛው ከጆሮ ጀርባ ቆዳ ላይ ወጣ፤ መድኃኒቱ በየአራት ሳምንቱ በዚያ ይሰጥ ነበር። 41 ሰዎች ተሳተፉ። በ2019 የወጣው ውጤት እንዲህ ነው፦ ስካኑ ላይ ለውጥ ታይቷል፤ ዋናው መለኪያ በነበረው እንቅስቃሴ ላይ ግን መድኃኒቱን ያገኙትና ያላገኙት በቁርጥ አልተለያዩም።

ይህን የምለው ተስፋ ለመግደል አይደለም እናቴ። እነዚያ ሰዎች ቅላቸውን አስበስተው የሞከሩትን ነገር አንድ ክሊኒክ በክንድ መርፌ አገኘሁት ካለ፣ ማስረጃ መጠየቅ ለታማሚው መቆርቆር ነው።

የልደታዋ_እናት

ገባኝ ልጄ። ተባረክ። ታዲያ እንዲያው ምንም መግቢያ መንገድ አልተገኘም ማለት ነው?

ባዮኬም_ኡፕሳላ

ተገኝቷል እናቴ፤ እኔን ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳኝም እሱ ነው።

አንጎል ብረት ያስፈልገዋል። ብረት ደም ውስጥ የሚዞረው ትራንስፌሪን በሚባል ፕሮቲን ላይ ተጭኖ ነው፤ የአንጎል የደም ሥር ላይ ደግሞ የትራንስፌሪን ሪሴፕተር ሞልቷል። ዊልያም ፓርድሪጅ የተባለ የሎስ አንጀለስ ተመራማሪ ለብዙ ዓመታት ያለው ይህን ነው፦ ሪሴፕተሩን የሚይዝ አንቲቦዲ ሥሩ፣ የምትፈልጉትን ፕሮቲን ከአንቲቦዲው ጋር አጣብቁ፣ አብሮ ይገባል። የሠርግ ጥሪ ካለው ሰው ጋር ተጠግቶ እንደ መግባት ነው።

መጀመሪያ ላይ ሰዎች አጥብቆ የሚይዝ አንቲቦዲ ይሻላል ብለው ነበር። በ2011 ጄኔንቴክ የሚባለው የመድኃኒት ኩባንያ ተመራማሪዎች ግን ተቃራኒውን አሳዩ። በጣም አጥብቆ የያዘው ከሪሴፕተሩ አልላቀቅ ብሎ ሴሉ ውስጥ ይቀራል፤ ከዚያም ወደ ሊሶሶም፣ ማለትም ወደ ሴሉ ማፍረሻ ክፍል፣ ተልኮ ይፈርሳል። ላላ አድርጎ የያዘው ግን በአንጎል በኩል ይለቅቃል፤ ይገባል። ለመግባት ያዝ፣ ለመድረስ ልቀቅ።

ይህ ወረቀት ላይ አልቀረም። በ2021 ጃፓን ፓቢናፉስፕ አልፋ የሚባል መድኃኒት ፈቀደች። ሀንተር ሲንድረም የሚባል፣ ሕፃናት ይዘውት የሚወለዱት የኢንዛይም እጥረት አለ፤ የጎደለውን ኢንዛይም በደም መስጠት ጉበታቸውን ቢያግዝም አንጎላቸው ጋ አይደርስም ነበር። አሁን ኢንዛይሙ ከትራንስፌሪን ሪሴፕተር አንቲቦዲ ጋር ተጣብቆ በግሉኮስ ይሰጣል፤ አጥሩንም ያልፋል። በደም ሥር የተሰጠ ትልቅ ፕሮቲን አንጎል ደርሶ የሚሠራበት መንገድ ይኸውና አለ።

ግሮውዝ ፋክተርን በዚሁ መንገድ መላክስ? ተሞክሯል። በ2012 የወጣ ጥናት፣ ጂዲኤንኤፍ ከእንዲህ ዓይነት አንቲቦዲ ጋር ተጣብቆ ፓርኪንሰን ለተደረገባቸው ዝንጀሮዎች ተሰጠ። የነርቭ ሴሎቹን አላዳነም፤ ይልቁንም ጣፊያቸው ላይ ያልተለመደ የሴል መብዛት ታየ። ይህን እያንዳንዱ ቤተሰብ ቢያውቀው እወዳለሁ። ግሮውዝ ፋክተር ስሙ እንደሚለው ያሳድጋል፤ ደም ውስጥ ሲለቀቅ ግን የትኛውን እንደሚያሳድግ አንተ አትመርጥለትም። አንጎል ቢደርስም ባይደርስም፣ በመንገዱ ላይ ያለውን ሁሉ ይነካል።

ነርስ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

በሥራ ቦታዬ ቤተሰቦች አጥሩን በአልትራሳውንድ ስለ መክፈት ይጠይቁኛል፤ እሱም ይነሳ እንጂ።

ሬዚደንት_ጥቁር_አንበሳ_ሰፈር

ባጭሩ፦ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች በደም ሥር ተሰጥተው፣ አልትራሳውንድ በተመረጠው የአንጎል ቦታ ላይ ሲያነጣጥር አረፋዎቹ ይርገበገቡና ስፌቱን ለሰዓታት ያላሉታል፤ ከዚያ ይዘጋል። በሰው ላይ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ቶሮንቶ ነው፣ በ2015። እስካሁን በጥናት ላይ ያለ ነገር ነው፤ የሚደረገውም ኤምአርአይ ባለበት ሆስፒታል ነው። በሽያጭ የሚያቀርብላችሁ ካለ ሽሹ።

የደሴ_ልጅ

ትናንት ማታ ይህንን ሁሉ ለወንድሜ አነበብኩለት። ክሊኒኩ ደውሎ ሦስት ነገር ጠየቀ፦ ፕሮቲኑ አጥሩን በምን ሪሴፕተር እንደሚያልፍ፣ የተለካው ሴረም ይሁን ፕላዝማ፣ እና በሰው ላይ የተሠራ ጥናት ካላቸው እንዲልኩለት። ያነሳችው ልጅ «ዶክተሩ ይደውልልዎታል» ብላ የላከችለት ያንኑ ወረቀት ነው። ወንድሜ ተናደደ፤ የተናደደው ግን በእኔ አይደለም። መኪናው አይሸጥም፤ ከገንዘቡ የተወሰነውን ለፊዚዮቴራፒ ያደርጋል። ሯጭ፣ አንተ ባታነሳው ኖሮ እንቅስቃሴውን አናስበውም ነበር፤ አባቴ ነገ ጠዋት ከእህቴ ልጅ ጋር በእግሩ ሊወጣ ነው።

ፋርማሲ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ደም አንሶታል ተብሎ የብረት ክኒን ታዞለታል። ጠዋት ከሊቮዶፓው ጋር አንድ ላይ ነው የሚውጠው። ችግር አለው?

ፋርማሲ_ሳሪስ

አለው እህቴ። ብረት አንጀት ውስጥ ሊቮዶፓን ይይዘውና ወደ ደም የሚገባውን ይቀንሰዋል፤ አንጎል በር ጋ ሳይደርስ ማለት ነው። ቢያንስ ሁለት ሰዓት አራርቁት። ጠዋት መድኃኒቱን በባዶ ሆዱ ይውሰድ፣ ብረቱን ከሌሎቹም የሊቮዶፓ ሰዓቶች አርቃችሁ ሐኪሙ በሚለው ሰዓት ይውሰድ። ብረቱን ራሳችሁ እንዳታቆሙ። ከቀየራችሁ በኋላ «ያዘኝ» እና «ለቀቀኝ» የሚልበትን ሰዓት በወረቀት ጻፉለትና ለሐኪሙ ቀጠሮ ቀን ይዛችሁ ሂዱ።

የደሴ_ልጅ

ከነገ ጠዋት ጀምሮ እንዲሁ እናደርጋለን። ወረቀቱን አሁን አስምሬ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ።